የዳርቻ ከተማ ርችት

የማሳቹሴትሱ ጠበቃ ጆን አዳምስ ጁላይ 3 ቀን 1776 ከፊላደልፊያ ለባለቤቱ ለአቢጌል በጻፈላት ደብዳቤ ውስጥ ትንቢት የሚመስል ነገር አኖረ። (ካላመለከትሁ በቀር ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጉባኤው ቅኝ ግዛቶቹ ከእንግሊዝ ንጉሥ እንዲለዩ ከወሰነ ገና አንድ ቀኑ ነበር። ያ የውሳኔ ቀን፣ አለ አዳምስ፣ በሚመጣው ትውልድ ዘንድ ታላቅ የዓመት በዓል ሆኖ ይከበራል፤ በሰልፍና በጨዋታ፣ በመድፍና በደወል፣ በደመራና በመብራት፣ ከምድሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ። እሱ የጻፈውን የአደባባይ እሳት «ደመራ» ብዬ መመለሴን አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ ከዚህ የሚቀርብ ቃል አላገኘሁለትም። አዳምስ የሳተው ቀኑን ብቻ ነው። እሱ ያለው ጁላይ 2ን ነበር፤ ሕዝቡ ግን ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ትቶ አዋጁ የጸደቀበትን 4ኛውን ቀን ያዘ። ሰውዬው ራሱም ልክ በሃምሳኛው ዓመት፣ ጁላይ 4 ቀን 1826፣ ከተቀናቃኝ ወዳጁ ከቶማስ ጀፈርሰን ጋር በአንድ ቀን አረፈ።

ትንቢቱ ለመፈጸም ዓመት አልፈጀበትም። ጁላይ 4 ቀን 1777 በፊላደልፊያ በተደረገው ክብረ በዓል በደላዌር ወንዝ ላይ የቆሙ መርከቦች ስለ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች አሥራ ሦስት ጊዜ መድፍ ተኮሱ። ባለፈው ዲሴምበር ትሬንተን ላይ የተማረከው የጀርመኖቹ የሄሰን ወታደሮች የሙዚቃ ጓድ ለማራኪዎቹ የግብር ዜማ ተጫወተ። ምርኮኛ ለማራኪው ድል ሲያዜም በልቡ ምን እንደሚል የጻፈልን የለም። ሲመሽ የርችቱ ትርኢት በአሥራ ሦስት ተወንጫፊዎች ተከፍቶ በአሥራ ሦስት ተዘጋ። በየቤቱ መስኮት ሻማ በራ። ያላበሩም ነበሩ፤ ጦርነትን በሃይማኖታቸው የሚቃወሙ ኩዌከሮች ብዙዎቹ ቤታቸውን አጨልመው ዋሉ፣ አመሹም። በዚያ ሌሊት ብዙ መስኮት ተሰበረ። አዳምስ በማግስቱ ለትንሽ ልጁ ሲጽፍ ከተማዋ በብርሃን ስለ መሞላቷ አድናቆቱን ዘርዝሮ፣ የጨለሙትን ጥቂት ቤቶች ግን እንደ ኩርፍተኛ ቆጥሮ አለፋቸው።

እኔ እዚያ የጨለሙ ቤቶች ላይ ነው የቆምሁት። የዚህ በዓል ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ ስለ ሰማዩ ይተረካል። ርችቱ ሲፈነዳ በር ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ግን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አብሮ ነበር።

ስለ ርችቱ ራሱ ጥቂት ልበል። ባሩድ በቻይና በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ፣ የተገኘ ነገር ነው። ከመቶው እጅ ሰባ አምስቱ ናይትሬት የሚባለው ጨው፣ አሥራ አምስቱ ከሰል፣ አሥሩ ድኝ፤ ይህ ቅመማ ከብዙ ዘመን ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። ቀለም ግን ትናንት የመጣ ያህል ነው። የ1777ቱ የፊላደልፊያ ሕዝብ ያየው የእሳት ወርቅማና ነጣ ያለ ብርሃን እንጂ ዛሬ የምናውቀው ቀይና አረንጓዴ አልነበረም። ይህ የመጣው በ1830ዎቹ የኢጣሊያ ርችት ሠሪዎች ክሎሬት የሚባለውን ጨው ከማዕድናት ጋር ማቀላቀል ከለመዱ በኋላ ነው። ስትሮንቲየም ቀዩን፣ ባሪየም አረንጓዴውን፣ ሶዲየም ቢጫውን ይሰጣል። መዳብ ሰማያዊውን ይሰጣል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ትንሽ ካለፈበት ቀለሙ ስለሚጠፋ የርችት ባለሙያ የሚፈተነው በሰማያዊ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ርችት ላይ ሰማያዊውን ለይታችሁ ተመልከቱት።

የአሜሪካ የነጻነት በዓል በመጀመሪያው መቶ ዓመቱ ባለቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ንግግር ያደርጉ ነበር፤ መድፍ ይተኩሱ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 በሮቸስተር ከተማ ተናገር ሲባል ሆን ብሎ በማግስቱ፣ ጁላይ 5 ቀን ቆሞ፣ ይህ የእናንተ በዓል ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ ጠየቀ፤ የበዓሉ ታሪክ ከዚያ ጥያቄ ወዲህ እንደ ቀድሞው ሊነገር አይችልም። ርችቱ ግን የማንም ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከቻይና በርካሽ የሚገባው ርችትና ባዶ ቀለህ የሚተኩሰው የልጆች ሽጉጥ በየሱቁ ተደረደረ፤ አባት ለልጁ ገዛ፤ ልጅ በየመንገዱ ተኮሰ።

የዚህን ዋጋ መቁጠር የጀመሩት ሐኪሞች ናቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በ1903 በአንድ የነጻነት በዓል ሳቢያ የሞቱትን ቆጥሮ 466 ብሎ አተመ። የቆሰሉት 3,983 ነበሩ። ከሟቾቹ ውስጥ 406ቱን የገደላቸው ቃጠሎ ወይም ፍንዳታ ሳይሆን መንጋጋ ቆልፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጁ በአሻንጉሊት ሽጉጡ ባዶ ቀለህ ይተኩሳል፤ የቀለሁ መወተፊያ የእጁን መዳፍ በስቶ ከእጁ ላይ ያለውን አፈር ይዞ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ እናት አጥባ ትጠቀልለዋለች። ከሳምንት በኋላ የልጁ መንጋጋ ይገጥማል። በዓሉ ካለፈ፣ ጎዳናው ከተጠረገ በኋላ፣ በጁላይ አጋማሽ በየቤቱ የሚሞቱ ልጆች ነበሩ። አኃዙ እስኪታተም ድረስ ሞቱን ከበዓሉ ጋር ያያያዘ ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ንቅናቄ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአደጋ የራቀ፣ ልብ የገዛ በዓል» እንደ ማለት ነው። በኒው ዮርክ አላስፈላጊ ጫጫታን የሚቃወም ማኅበር በ1906 ያቋቋመችው ጁሊያ ባርኔት ራይስ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ነበረች። ነገር ግን ከተሞችን ያንቀሳቀሰው የክሊቭላንድ እሳት ይመስለኛል። ጁላይ 3 ቀን 1908፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ በገበያተኛ በተጨናነቀ የከተማዋ መደብር ውስጥ ለሽያጭ የተከመረ ርችት እሳት ተነሣበትና 7 ሰዎች ሞቱ። የከተማው ምክር ቤት ወዲያው ርችት መሸጥንም መተኮስንም የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሟቹ ቁጥር ከመቶዎች ወደ አሥሮች ወርዶ ነበር።

እንግዲህ ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ርችቱን ከልጁ እጅ ከነጠቀች በኋላ «በምትኩ ምን?» የሚል ጥያቄ መጣባት። ልጅን ከልክሎ ባዶ እጁን መስደድ አይቻልም። መልሱ የጋራ ትርኢት ሆነ። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት፣ በባለሙያ እጅ፣ በሕዝብ ገንዘብ። ዛሬ በየአሜሪካ ከተማው እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምናየው፣ ምንጣፍ ይዞ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ማየት፣ የዚያ ክልከላ ልጅ ነው። ከበዓል ይልቅ ለኅብረተሰብ ጤና ቢመዘገብ የሚገባው ፈጠራ ነው።

የጋራ ትርኢት ደግሞ ኮሚቴ ይወልዳል። ኮሚቴም ማን አባል ነው፣ በዓሉስ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይወልዳል። በ1915 አውሮፓ በጦርነት ላይ ሳለች ጁላይ 4 በአሜሪካ «የአሜሪካዊነት ቀን» ተብሎ ከመቶ በሚበልጡ ከተሞች ተከበረ፤ ዋናዋ አስተባባሪ ፍራንሲስ ኬለር ነበረች። አዲስ ዜግነት ያገኙ ስደተኞች መድረክ ላይ ተጠርተው ንግግር ተደረገላቸው፣ ባንዲራ ተሰጣቸው። በጎ ሐሳብ ነበረው። ሆኖም እንግዳውን መድረክ ላይ አቁሞ ማጨብጨብ አንድ ነገር ነው፤ የስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር መስጠት ሌላ ነው። ሁለተኛው በብዙ ቦታ ረጅም ዘመን ፈጀ።

ከዋሽንግተን ድንበር ላይ ያለችው ታኮማ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባለ ነጋዴ በ1883 በባቡር ሐዲዱ ዳር መሬት ገዝቶ፣ ከዋና ከተማዋ ሙቀትና ትንኝ ለሚሸሹ ሠራተኞች እየሸነሸነ የሸጣት የዳርቻ ከተማ ናት። የነጻነት በዓል ማክበር የጀመረችው በ1889 ነው፤ ራሷን የምታስተዳድር ከተማ ተብላ ከመመዝገቧ በአንድ ዓመት ቀድማ። ማዘጋጃ ቤት ሳይኖራቸው በዓል ነበራቸው ማለት ነው። ይህች ከተማ ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳለች። ከአዲስ አበባ መጥቶ ገና አረንጓዴ ወረቀቱን የያዘ ሰው፣ ያንንም ያልያዘ ሰው፣ የሰፈሩን ምክር ቤት አባል ሊመርጥ ይችላል። ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፤ በበጀቱ ውስጥ የበዓል ወጪ አለ። በተዘዋዋሪ ሰማዩ ላይ ድምፅ አለው።

እኔ የምኖረው በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በሌላ ስሟን በማልጠራት ከተማ ነው። በካውንቲው ውስጥ ማንም ግለሰብ ርችት መተኮስ አይፈቀድለትም፤ ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚያዞሩት ብልጭታ የሚረጨው ዘንግ እንኳ ክልክል ነው። የ1908ቱ የክሊቭላንድ መንፈስ ያለ ይመስላል። የተፈቀደው ፈቃድ ያለው የሕዝብ ትርኢት ብቻ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው በጎ ፈቃደኞች የተሰባሰቡበት ኮሚቴ ሲሆን እኔም ጥቂት ዓመታት ገብቼበታለሁ።

ኮሚቴው በጃንዋሪ በረዶ ላይ ይሰበሰባል። እድርን የሚያውቅ ሰው ግራ አይጋባም። ቃለ ጉባኤ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ሁልጊዜ የሚያረፍድ አለ፤ ባለፈው ዓመት የተወሰነውን እንደ አዲስ የሚያነሣ አለ። አንድ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ። ስለ ውበት ሲወራ ዝም ይላሉ፤ ስለ ርቀት ሲወራ ብዕራቸውን ያነሣሉ። ሁሉም ነገር ርቀት መሆኑን ከእሳቸው ተማርሁ።

ደንቡ ሲነገር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የርችቱ ኳስ ስፋት አንድ ኢንች 70 ጫማ፣ ማለትም 21 ሜትር ያህል፣ ሰው የማይደርስበት ባዶ መሬት በዙሪያው ያስፈልጋል። ባለ 3 ኢንቹ በየአቅጣጫው 64 ሜትር ይፈልጋል፤ ባለ 4 ኢንቹ 85፤ ባለ 6 ኢንቹ 128። እንግዲህ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ካርታ አንሥታችሁ በኮምፓስ ክብ ሣሉ። ባለ 6 ኢንቹ ክብ ከዳር እስከ ዳር 256 ሜትር ሆኖ አውቶቡስ ፌርማታውን፣ የሁለት ቤት ጓሮና የመዋኛውን ገንዳ ይውጣል። ባለ 3 ኢንቹ ክብ ሜዳው ላይ ይገባል። በዋና ከተማዋ ሐውልት ላይ የሚፈነዱትን ዓይነት ግዙፍ አበባዎች በሰፈር ሜዳ የማናየው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ አይበቃም። የዳርቻ ከተማ ሰማይ ልኩ በሜዳው ልክ ነው።

ከካርታው በኋላ ወረቀቱ ይመጣል። ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የእሳት አደጋ መከላከያ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ነው። ተኳሹ ድርጅት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ መድን መግባት አለበት። ዕቃው አብዛኛው ከቻይና፣ በተለይም ከሁናን ግዛት ከሊዩያንግ አካባቢ፣ በመርከብ የሚመጣ ስለሆነ ትእዛዙ በክረምት ይሰጣል። የሚተኮስበት ቧንቧ እንዳይዘም በሣጥን ተደግፎ ወይም በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይተከላል። የቀድሞው ባለ ችቦ ተኳሽ ቀርቷል ለማለት ይቻላል፤ አሁን የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቶ ከሩቅ በቁልፍ ይለኮሳል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ሳይፈነዳ የወደቀ እንዳለ ሜዳው በእግር ይፈተሻል። ልጆች ቀድመው እንዳያገኙት ነው። በ1903 በልጅ መዳፍ የገባው ነገር ዛሬም በዚያ ፍተሻ ውስጥ ይታሰበኛል።

ከደንቡ ጀርባ ሁሉ አንድ አደጋ ቆሞአል። በ2013 በካሊፎርኒያ በሲሚ ቫሊ፣ ልክ እንደኛ ያለች የዳርቻ ከተማ ናት፣ አንድ ርችት ቧንቧው ውስጥ ፈንድቶ ሌሎቹን ቧንቧዎች አጋደማቸውና ርችቱ ወደ ተመልካቹ ተተኮሰ፤ ከሠላሳ በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በ2022 በዚሁ በሜሪላንድ፣ በኦሽን ሲቲ፣ የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ርችቱ ባሕር ዳርቻው ላይ ራሱን ለኮሰ፤ ሠራተኞች በቀላሉ ቆሰሉ፣ ትርኢቱም ተሰረዘ። የ2012ቱን የሳን ዲየጎ ነገር ግን ሳይስቅ የሚሰማ የለም። ሩብ ሰዓት አልፎ እንዲቆይ የታሰበው በሺህ የሚቆጠር ርችት በኮምፒውተር ስሕተት በአንድ ጊዜ፣ ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፣ ሰማዩን አንድደው ጨረሱት። ሕዝቡ ዋናው ገና ይመጣል ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ሰው አልተጎዳም። ጡረተኛው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይህን ሲተርኩ ብቻ ነበር ሲስቁ ያየኋቸው።

ወደ ጨለሙት ቤቶች ልመለስ።

በምኖርበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የአዲስ አበባ እናት ነበሩ። ልጃቸው የሌሊት ሥራ ስለነበራት ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ያመሻሉ። በመጡበት ዓመት የነጻነት በዓል ማግስት ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ እንቅልፍ ባላየ ዓይን። «ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ከማን ጋር ነው?»

ሌሊቱን መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር ያሳለፉት።

ለምን እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ። በ1983 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ሊነጋጋ ሲል፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ያለ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው አለቀ። የ77ን ረኃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው፣ ባልደረባው ጆን ማታይ የሞተው በዚያ ፍንዳታ ነው። እማማ ቤታቸው ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ሰማዩ ቀይ ሆኖ ነበር አሉኝ፤ ጥይቱ እንደ ቆሎ ይንጣጣ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ልጆቹን አዝሎ ወጣ፤ ማን እንደሚተኩስ፣ በማን ላይ እንደሚተኩስ፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ አልነበረም። ከእነዚህ ከሦስቱ የከፋው የቱ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። «መቼ እንደሚያበቃ አለማወቁ» አሉ ሳያመነቱ።

ይህን ይዤ ነው ኮሚቴ የገባሁት። ርችቱ ይቅር ለማለት አልነበረም። ጫጫታ የሌለው በዓል ይሻላል፣ በድሮን ብርሃን ይተካ የሚሉ ሰዎች በስብሰባው ነበሩ፤ የጦር ዘማቾችን፣ ውሾችን፣ ጭሱን ያነሡ ነበር፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። በእኔ አሳብ ግን የበዓል ድምፅ በራሱ ክፉ አይደለም። በቡሄ ጅራፍ የምናስጮኸው፣ የደብረ ታቦሩን ድምፅ ያስታውሳል እየተባልን፣ እኛው ነን። የቡሄ ጅራፍ ግን ማንንም አያስደነግጥም፤ ሁሉም ሰው ቀኑን ያውቃልና። ስለዚህ የጠየቅሁት አንድ ወረቀት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚቆይበትን ደቂቃ፣ ቦታውን የሚናገር፣ በየሕንፃው በር ላይ በአማርኛም የሚለጠፍ ማስታወቂያ። ካውንቲው ብዙ ማስታወቂያውን በአማርኛ ስለሚያወጣ ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቀበለው።

ረቂቁ ከአንድ የትርጉም ድርጅት ተተርጉሞ መጣ። «ርችት በ9፡20 ይተኮሳል» ይላል። አንባቢዬ ወዲያው ሳታዩት አልቀራችሁም። በእንግሊዝኛው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ የሌሊት መጀመሪያ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ ለሚቆጥር ሰው ግን ዘጠኝ ከሃያ ፀሐይ ከአናት ዞር ያለችበት የከሰዓት በኋላ ነው። እማማ ያንን ቢያነቡ ከሰዓት በኋላ በጆሯቸው ጥጥ ወትፈው ይጠብቃሉ፤ ዝም ሲል ቀረ ብለው ይተኛሉ፤ ከዚያም በጨለማ ይጀምራል። ባይለጠፍ ይሻል የነበረ ማስታወቂያ ነው።

ለኮሚቴው ይህን ማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ሕዝብ አለ ስል የሙዚቃ መምህሯ ብዕሯን አስቀምጣ «ይኼማ ከእኛው የተሻለ ነው» አለች። ሊቀ መንበሩ ግን የሁለቱም ሰዓት ይጻፍ እንጂ አንዱ ብቻ አይሁን አሉ፤ ከመጡ ሃያ ዓመት የሆናቸውና በእንግሊዝኛው ሰዓት የሚኖሩ አሉና። ልክ ነበሩ።

ሁለተኛው ጣጣ «ይተኮሳል» የሚለው ቃል ነበር። በቋንቋችን ርችት ይተኮሳል እንጂ ሌላ ግሥ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ጥይትም ይተኮሳል፤ መድፍም ይተኮሳል። ፀጉር እንኳ ሲተኮስ ስሙ ያው ነው። ለእነ እማማ በር ላይ «ዛሬ ማታ ይተኮሳል» ብሎ መለጠፍ አልዋጠልኝም። «ይበራል» አልሁ፤ ርችት አምፖል አይደለም። «ይፈነዳል» ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ይታያል» አልሁ፤ ድምፁን ደበቀ፤ ማስታወቂያው የተጻፈው ደግሞ ስለ ድምፁ ነው። ሁለት ምሽት ስጽፍና ስሰርዝ አሳለፍሁ። ግጥም ጽፌ ያን ያህል የደከምሁ አይመስለኝም። በመጨረሻ ግሡን ትቼ ድምፁን በስሙ ጠራሁት፤ በየሕንፃው በር የተለጠፈውም ይህ ነው።

«ለነዋሪዎች በሙሉ። ጁላይ 4 ቀን የአሜሪካ የነጻነት በዓል ነው። በዚያ ምሽት በትምህርት ቤቱ ሜዳ የበዓል ርችት አለ። የሚጀምረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ (በእንግሊዝኛው ሰዓት አቆጣጠር 9፡20)፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአርባ ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። ድምፁ ከፍተኛ ነው፤ ጥይት ሊመስል ይችላል፤ ጥይት አይደለም። ሃያ ደቂቃ ይቆያል። በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ድምፁ ይበረታል፤ ከዚያ ያበቃል። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው።»

እማማ መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመው ቃል በቃል አነበቡት። «በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ይበረታል» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዝናብ ከሆነስ?» አሉ።

አልጻፍነውም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣሁት።